ሦስት ቋጠሮ

መኪናዋ ከገደሉ ሥር በጎኗ ተጋድማለች፤ የግራ የፊት ጎማዋ ግን አብሯት አልወረደም። ጎማው ከላይ ከአስፋልቱ ዳር ቀርቶ፣ ገና ዘር ያልገባበት ማሳ ድንበር ላይ ወድቋል። ዕለቱ ግንቦት ሁለት፣ ረፋድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል የሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቁልቁለቱ በሚጠመዘዝበት አፋፍ፣ አላፊ አግዳሚው ተኮልኩሎ ወደ ታች ያያል። ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ሲያይ፣ ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጎማው ሄደች። በወንጀል ምርመራ አሥራ ሰባት ዓመት ስትሠራ ሰው የማያየውን ማየት ልማድ ሆኖባታል፤ ይህ ልማዷ ደስታ ሰጥቷት ግን አያውቅም።

"ፍጥነት ነው ኢንስፔክተር፤" አላት ሳጅን እንዳላማው፣ ረዳቷ። ጉዳይ ቶሎ ሲዘጋለት ደስ የሚለው ሰው ነው። "አካለ ወልድን አገር ያውቀዋል። ሲነዳ ሞት ቀጠሮ ሰጥቶት የሚሄድ ነው የሚመስለው።"

"በፍጥነት ቢወድቅ ጎማው አብሮት በወረደ። መጀመሪያ ጎማው ተላቀቀ፣ ከዚያ ልጁ ወደቀ።"

ከጎማው ጋር አንድ ቁራጭ ብረት ተያይዞ ቀርቷል። ጎማን ከመኪና ሆድ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው፤ ጋራዥ ያሉት ብራቾ ይሉታል። ይሄኛው ግን ከፋብሪካ የወጣ አይደለም። ጥርስ የወጣለት ዘንግ ገብቶበት፣ በወፍራም ዳዶ ተቆልፏል። ዳዶው አልላላም። የተላቀቀው ሌላው ጫፍ ደግሞ ስብራት አይመስልም፤ ዙሪያው ልሙጥ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ብቻ አተር የሚያክል ሻካራ ምልክት አለ፤ ላዩን ግራሶ ለድፎታል።

እንዳላማው ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። "ተጋዟል! ሦስት ቦታ ብቻ አስቀርተው ጋዘውታል። ይሄ እኮ ግድያ ነው።"

ያለምወርቅ ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ለማንም እንዳያሳይ አስጠነቀቀችው።

*

ግንቦት አምስት፣ ከሰልስቱ በኋላ፣ የሟቹ እናት ወይዘሮ ሥራነሽ ፖሊስ ጣቢያ መጡ። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል፤ አንገታቸውን ግን ቀጥ አድርገው ነው የተቀመጡት።

"ልጄን መንገድ አልገደለውም። ሰው ነው የገደለው።"

"ማን እትዬ ሥራነሽ?"

"ዘማርያም ነዋ፣ ባለ ቶርኖው! ልጄ ልጁን እስከዳርን ወደደ፤ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፣ ሦስት ጊዜ መለሰብኝ። 'ልጄን ለአስፋልት አልድርም' አለ። ዘማርያም ቅኔ ቤት አሥር ዓመት የከረመ ሰው ነው። እዚያ ቅኔ ብቻ የሚማሩ መስሎሻል?"

ከጉያቸው የተቋጠረ ፌስታል አወጡ። ውስጡ ቀይና ጥቁር ሆኖ የተገመደ፣ ከስንዝር ብዙ የማይበልጥ ክር ነበር፤ ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

"መተቱ ይኸው። በጠበል ነክሬዋለሁ፤ አትፍሪው።"

"እትዬ፣ ሕግ መተት የሚባል ነገር አያውቅም።"

"ሕግ ባያውቀው እሱ ያውቃል። ያዥው።"

ያለምወርቅ ሐዘንተኛ ላለማስቀየም ያህል ተቀበለቻቸው። ደምበጫ ገጠር ውስጥ በልጅነቷ የጎረቤት ከብት በታመመ ቁጥር መተት ተብሎ ምስኪን ደብተራ ሲደበደብ ያየች ናትና፣ ቃሉን ስትሰማ ጆሮዋ ይዘጋል። ክሩን የት እንዳገኙት እንኳ ሳትጠይቅ መሳቢያዋ ውስጥ ጣለችው።

*

የዘማርያም መሥሪያ ቤት ከመኖሪያ ግቢያቸው ጋር አንድ ነው፤ በአንድ በኩል ቤት፣ በሌላ በኩል የቆርቆሮ ዳስ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ወይራ። ሽማግሌው ሥራ ሳይሠሩ ቱታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። እስከዳር አጠገባቸው ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ተምራ ጨርሳ፣ ሥራ እስክታገኝ አባቷን የምትረዳ ልጅ ናት። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ወረቀቶች ሁሉ የአንድ ብረት ሥዕል ናቸው።

"ይሄን ማን ነደፈው?" አለች ያለምወርቅ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን አስፈለገ?"

"አካለ መኪናዋን ዝቅ አደረጋት። ዝቅ ስትል የፊት ጎማዎቿ ተወላገዱ፤ በውስጥ በኩል ጎማ መብላት ጀመረች። የፋብሪካው ብራቾ ልኩ አይለወጥም። የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ ግን ጎማውን ቀጥ አድርጎ ማቆም ይቻላል።" ልጅቱ ስለ ብረቱ ስታወራ ለአፍታ ሐዘኗን የረሳች መሰለች። "አንዱ ጫፍ ጥርሱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሌላው ወደ ግራ። መሐሉን ሲያዞሩት ሁለቱም አንድ ላይ ይገባሉ ወይም ይወጣሉ። ልኩ ሲገኝ በዳዶ ይቆለፋል። ከሚደርስበት ሸክም ሦስት እጥፍ እንዲችል ነው ያሰላሁት። አሥራ አንድ ጊዜ ሣልሁት።"

"ማን ገጠመው?"

"እኔ። ግንቦት ሁለት ጠዋት፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት። አብሬው ልሄድ ነበር። እጄን ልታጠብ ስገባ 'እስከ አማኑኤል ሞክሬያት ልመለስ' ብሎኝ ሄደ።"

ያለምወርቅ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "እርስዎስ ጋሼ ዘማርያም?"

"አምበር ከተማ ነበርሁ፤ ለዘመድ ተዝካር። ጎሕ ሲቀድ ነው የወጣሁ።"

"ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናትስ?"

"ሚያዝያ ሠላሳ ማርቆስ፣ ግንቦት አንድ ልደታ። እዚህ ግቢ በበዓል ብረት አይመታም፣ እሳት አይነሣም። ሃያ ዘጠኝ የዋዜማው ደወል ሲደወል ኤሌክትሮዱን አስቀመጥሁ፤ ደብሩ ይመሰክራል።"

ደብሩ እንደሚመሰክር ያለምወርቅም አልተጠራጠረችም። ሁለቱንም ዕለት ሙሉ ቀን ማኅሌት ላይ ቆመው አይታቸዋለች።

"አካለ ወልድ የተጣላው ሰው ነበረ?"

እስከዳር ትንሽ አመነታች። "ዘመነ። አባቴ ዘንድ ተምሮ ደምበጫ የራሱን ብየዳ ቤት የከፈተ ነው። 'ብራቾውን እኔ ልሥራልህ' ብሎት አካለ እምቢ ሲለው፣ 'የሷ ወረቀት ገደል ይከትሃል' አለው። ሰው ሰምቶታል።"

*

በማግሥቱ ደምበጫ ገበያ ነበርና ከባጃጁና ከፈረሱ መሐል ተጋፍተው ነው ዘመነ ቤት የደረሱት። ሰውየው በራፉ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ከሚያዝያ ሃያ አምስት ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤" አለ፣ እንዳላማው ስለ ተጋዘው ብረት ጥያቄውን ሳይጨርስ። "ራዲያተር ሲፈነዳ ተቃጠልሁ። የጤና ጣቢያው ካርድ ይኸው። ለመጋዝ ቀርቶ ለጉርሻም አልሆነ።"

"ገደል ይከትሃል ብለሃል።"

"ብያለሁ። ቀንቼ ነው። አሥር ዓመት ብረት ስበይድ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም፤ አንዲት ልጅ በእርሳስ አመጣችው።" አንገቱን ደፋ። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማን መልሶ ያስገባልኛል?"

እንዳላማው ቅር ብሎት ደብተሩን አጠፈ። ያለምወርቅ ግን ስልኳን አውጥታ የብረቱን ፎቶ አሳየችው። ዘመነ ሥዕሉን በጤነኛ እጁ ጣቶች አስፍቶ ቆይቶ አየው።

"ማነው ተጋዘ ያላችሁ?"

"አልተጋዘም?"

"ምን ይጋዛል! ከመጀመሪያውም አልተበየደም። ይሄ ነጥብ ይባላል፤ ብረቱ እንዳይንቀሳቀስ ሦስት ቦታ ነካ ነካ ያደርጉታል፤ ከዚያ ነው ዙሪያውን የሚበየደው። ይሄ ዙሪያው ገና ነበር። በነጥብ ብቻ ከሠፈር ከወጣም ጎበዝ ነው።"

"የማን እጅ ነው?"

ዘመነ ስልኩን መለሰላት። "ብረቱ በሙቀት እንዳይጣመም ዙሪያውን ሦስት ቦታ ከፍሎ የሚበይድ አንድ ሰው ነው የማውቀው። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።"

*

ከሰዓት በኋላ ያለምወርቅ ዘማርያም ግቢ ሄዳ ብረቱን ከጋዜጣው ፈታ ወይራው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እስከዳር ገና ስታየው ገባት። ከጠረጴዛው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ግራሶ ነበረበት፤" አለች ለራሷ እንደምትናገር። "ሁለቱም ብራቾዎች እንዳይዝጉ ግራሶ ተቀብተው ነበር። አልቋል ብዬ ነው... አልጠረግሁትም። ብጠርገው አየው ነበር። እኔ ነኝ የገጠምሁት። እኔ—"

"ዝም በይ!" አሉ ዘማርያም። ልጃቸውን እንጂ ብረቱን አላዩትም። "እኔ ነኝ ኢንስፔክተር። አውቄ ነው ሳልበይድ የተውሁት። ልጁን አልወደውም ነበር። እንደሚገጠም እያወቅሁ ነው አምበር የሄድሁ። ጻፊው።"

እስከዳር አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ያለምወርቅ ብዙ ዓይን አይታለች፤ እንዲህ ያለ አስተያየት ግን ዳግም ማየት አትፈልግም።

ሽማግሌው ጣቢያ ደርሰው ቃላቸውን ሰጡ፤ ባማረ የቁም ጽሕፈት ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። እንዳላማው ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ያዘው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።

"አለቀ ኢንስፔክተር። ነገ ለዓቃቤ ሕግ ነው።"

"ሰው ሊገድል የፈለገ ሰው፣" አለች እሷ፣ "የገዛ ልጁ ልትሳፈርበት የምትችለውን መኪና ይመርጣል?"

"ፈርመዋል እኮ።"

"እሱንማ አየሁ።"

*

በማግሥቱ ጠዋት ብቻዋን ተመለሰች። እስከዳር እዚያው ድንጋይ ላይ ናት፤ ጎረቤት ያመጣላት ምግብ ሳይነካ ተሸፍኖ አጠገቧ አለ። ግድግዳው ላይ የነበሩት ወረቀቶች ወርደዋል።

"ሌሊቱን ሙሉ አሰላሁት፤" አለች። "ወይ እኔ ገድየዋለሁ፣ ወይ አባቴ ገድሎታል። ሌላ መንገድ ካለ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ያለምወርቅ ዓይኗን ከልጅቱ ለማሸሽ ዳሱን ትቃኝ ጀመር። ጥግ ላይ ያላለቀ የግቢ በር ተደግፎ ቆሟል፤ አንደኛው ማጠፊያው ላይ ቀይና ጥቁር የተገመደ ክር ታስሯል። ሁለት ቋጠሮ አለው።

ወደ ክሩ ጠጋ አለች። "ይሄ ምንድን ነው?"

"እሱ? የአባቴ ምልክት ነው። ቅኔ ቤት መጽሐፍ ሲያነቡ የቆሙበት ገጽ ላይ ክር ያደርጋሉ አይደል? እሱም ሥራ ሳይጨርስ የበዓል ዋዜማ ከደረሰበት ክር ያስርበታል። ስንት መስመር ብየዳ እንደቀረ በቋጠሮው ይታወቃል። ክር ያለበትን ማንም አይነካም፤ ክር የሌለበት ያለቀ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው።"

"የአካለ ወልድ ብራቾ ላይስ?"

"አልነበረም። ለዚህ አይደል የገጠምሁት!" ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "አባቴ ሳያስር ቀርቶ አያውቅም። እንግዲህ ሆን ብሎ ነው፣ ወይም እኔ ዓይኔ ታውሮ ነው።"

"ብረቶቹ በበዓሉ የት ነበሩ?"

"እዚሁ፣ ጠረጴዛው ላይ።"

"በበዓሉ ሰው ገብቶ ነበር?"

"በልደታ? ሠፈሩ በሙሉ! ንፍሮው የሚቀቀለው እዚህ ወይራ ሥር ነው። እትዬ ሥራነሽ እንኳ መጥተው ነበር፤ ከሽማግሌ መላኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዕርቅ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ያለምወርቅ ቢሮዋ ስትደርስ በሩን ከውስጥ ዘጋች። መሳቢያውን ሳበች። ፌስታሉ እንደ ነበረ ነው። በብረቱ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቆጠረች፤ ሦስት። በክሩ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች ቆጠረች፤ ሦስት። ክሩ ሁለት ቀን ሙሉ ከእጇ ሥር ተኝቶ ነበር። አንዲት "የት አገኙት?" የምትል ጥያቄ ብትጠይቅ ኖሮ፣ እነዚህ አባትና ልጅ እንዲህ ባልተያዩ ነበር። በራሷ አፈረች፤ እፍረቱ ግን ለማንም አይጠቅምም።

*

ማረፊያ ቤት ያሉት ዘማርያም ክሩን እንዳዩ እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡ።

"አስሬው ነበር ማለት ነው፤" አሉ። ዕንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ። "የረሳሁት መስሎኝ ነበር እኮ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አእምሮዬ ከዳኝ ብዬ... ልጄ 'ዘንግቼ ሳላይ ነው' ብላ ከምታብድ፣ አባቷ ክፉ ይባል ብዬ ነው የፈረምሁ።"

"ልጅዎ አሁን አባቴ ነፍሰ ገዳይ ነው ብላ ተቀምጣለች።"

ይህን ያላሰቡት መሆኑ ፊታቸው ላይ ታየ። "ማን ፈታው?" አሉ።

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ግንቡን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ለሥራነሽ አትንገሪያት።"

"ጋሼ ዘማርያም—"

"አትንገሪያት ልጄ። ልጇን ቀብራለች፤ እሷንም ልትቀብሪያት ነው? እኔ ፈርሜያለሁ። የቀረኝ ዘመን እዚህ ቢያልቅ ምን ይጎድላል?"

"እስከዳር ትጎድላለች። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ መሸከሟ አይቀርም፤ እስከዳር ደግሞ ያላደረገችውን ነው የምትሸከመው።"

"ሥራነሽስ አውቃ አደረገችው?"

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ በዚህ አገር ስንቱ ልጥ እንደ እባብ እንደተቀጠቀጠ ታውቃለች። ባርኔጣዋን አንሥታ ወጣች።

*

የወይዘሮ ሥራነሽ ቤት ለቀስተኛው ሳስቷል። ያለምወርቅ የቀሩትን ሴቶች ፈቃድ ጠይቃ አስወጣቻቸውና ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። ክሩን ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

"እትዬ ሥራነሽ፣ ይህንን ክር ከየት ነው ያመጡት?"

"ያኔ ሳትጠይቂኝ አሁን ነው?" አሉ። ግን ለመናገር ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር። "ከልጄ መኪና ብረት ላይ። በልደታ ዕለት ንፍሮ ይዤ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ቀይና ጥቁር፣ ሦስት ቋጠሮ! ሽማግሌዬን ሦስት ጊዜ በመለሰ ሰው ቤት! አጎንብሼ ማሰሪያውን ፈትቼ ጉያዬ ከተትሁት። ለልጄም አልነገርሁት፤ ይስቅብኛል። ያን ሌሊት መተቱን አክሽፌያለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አየሽ፣ ለካ ቀድሞ ሠርቶ ኖሯል።"

ያለምወርቅ ቃላቸውን እንደ ተናገሩት ጻፈች። የጣት አሻራ ቀለሙን ከቦርሳዋ አወጣች።

"እዚህ ላይ ይፈርሙልኛል።"

"ዘማርያምን ሊያስፈርድበት ነው?"

"ሊያስፈታው ነው።"

ሴትዮዋ ቀና አሉ። "ክሩ? እንዴት አድርጎ?"

 ያለምወርቅ ስለ መጽሐፍ ገጽ ክር ነገረቻቸው። ስለ ዋዜማው ደወል፣ ስላልተበየዱት ሦስት መስመሮች፣ ክር ያለበትን ማንም እንደማይነካ፣ ክር የሌለበት ያለቀ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሥራነሽ አላቋረጧትም። ሞኝ ሴት አይደሉም፤ ታሪኩ ሳያልቅ የት እንደሚደርስ አወቁት።

ጮኸው የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፤ አላለቀሱም።

"ማሰሪያው ጠንካራ ነበር፤" አሉ በመጨረሻ። "ጣቴ አልቻለውም። በጥርሴ ነው የፈታሁት።"

"እትዬ ሥራነሽ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

ያለምወርቅ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው ስትጠይቅ ኖራለች። አሁን ተራው የእሷ ሲሆን ግን የምትጠራው ስም አልነበራትም። ውጭ ያሉት ሴቶች በዝግታ ያወራሉ። ሥራነሽ አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉላት።